የተነካችው ንግሥት

የቼዝ ዳኛዋ ከተጫዋቹ ፊት በፊት ያወቀችው እጁን ነበር። የብየዳ ፍንጣሪ ጠባሳ የጣለበት ጣት ንግሥቲቱን ነካ፤ ወዲያው የጋለ ብረት የነካ ይመስል ሸሸ።

«የነካኸውን ነው የምታንቀሳቅሰው» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ቀና ብሎ አያት። አልተከራከረም። ንግሥቲቱን አንቀሳቀሰ፤ ተበላችበት፤ የክልሉ ዋንጫም በዚያው አመለጠው።

እሱ ዝም ቢል የቡድኑ መሪ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ዝም አላለም። «ልጁ አልነካም! አድልታ ነው!» ብሎ ለክልሉ ቼዝ ፌዴሬሽን አቤት አለ።

ፌዴሬሽኑ ማለት ከስታዲየሙ ደረጃ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግን ዳኛ የሚያሠለጥነውም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚነጥቀውም እሱ ነው። ዳኛዋ ያንን ፈቃድ ያገኘችው «ሴት ልጅ ደግሞ ምን ዳኝነት አላት?» ባዮችን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው።

በስብሰባው ዕለት ዳኛዋ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ወንድምየው ተናግሮ ሲያበቃ፣ ሊቀ መንበሯ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህርት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ተጫዋቹ፣ ወደ ብየዳ ሠራተኛው፣ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ ምን ትላለህ?»

ብድግ አለ። ወንድሙን ማየት አቃተው። «ነክቻለሁ፣ መምህር። እሷ ትክክል ናት።»

ወንድምየው በሩን አላትሞ ወጣ።

ዳኛዋ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት። «ከወንድምህ አጣላሁህ አይደል?»

«የእሱ ንዴት የጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል። አንቺ ፈቃድሽን ብትነጠቂ ግን እኔን እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«ዋንጫ ያሳጣሁህ እኔ ነኝ እኮ!»

«ታዲያ ጣቴን እንዲህ ትክ ብሎ ያየልኝ ሰው አለ?»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ እያወጉም እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው ሄዱ። አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ እንኳ ልብ አላሉትም።

ፍቅሩ ሲጠና ሌላ ጣጣ መጣ። ደንቡ ዳኛ የራሱን ሰው ጨዋታ እንዲዳኝ አይፈቅድም።

«እኔ መጫወቱን ልተወው» አለ እሱ።

«የለም፣ እኔ ዳኝነቱን» አለች እሷ። መጀመሪያ የተኳረፉት በዚህ ነው። በመጨረሻ ተያይዘው ሊቀ መንበሯ ፊት ቆሙ፤ እንዳረፈደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው።

ሊቀ መንበሯ ሰምተው ሳቁ። «ደንቡ አትዋደዱ ይላል እንዴ? ለእሱ ጨዋታ ሌላ ዳኛ እመድባለሁ። አንቺ የሴቶቹን ውድድር ያዢልኝ፤ ብርቱ ሰው አጥተን ነው የኖርነው። ሠርጉን ብቻ እንዳትደብቁኝ!»

ዳኛዋ ልታመሰግናቸው አፏን ከፈተች፤ ቀድሞ የመጣው እንባዋ ሆነ።

በቀጣዩ ሻምፒዮና ተመልካች ሆና ገባች። ወንድምየው ከሩቅ አያትና ተጠግቶ ቦታ ለቀቀላት። «ያኔ አጥፍቻለሁ፣ እህቴ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ይቅር ለእግዜር» አለችው።

ዳኛ ሆና እከሌ ያሸንፍ ብላ መመኘት ነውር ነበር። ዛሬ እንደ ልቧ ተመኘች። ብየዳ ሠራተኛው ከመቀመጡ በፊት በዓይኑ ፈለጋት፤ ሲያገኛት ፊቱ በራ።

«ያሸንፍ ይመስልሻል?» አለ ወንድምየው በሹክሹክታ።

«ቢያሸንፍም ባያሸንፍም፣» አለች ዓይኗን ሳትነቅል፣ «እኔ ተመስገን ብያለሁ።»