የጠራ ድምፅ

ሽማግሌው አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ የኦክስጅኑ ቱቦ አሁንም አፍንጫቸው ላይ ነው። ራስጌያቸው አጠገብ ያለው ማሽን ግን ጠፍቷል። እላዩ ላይ አንድ ቁልፍ ተቀምጧል።

መርማሪው አጭርና ነገረኛ ሰው ነው። ሰው ባወራ ቁጥር «እሺ፣ ከዚያስ?» ስለሚል ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «እሺ ከዚያስ» ይሉታል። ቁልፉን በመሀረብ አንስቶ ኪሱ ከተተና ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ሦስት ሰዎች ይጠብቁታል፦ ለድርጅቶች ማስታወቂያ በግሏ እየቀረጸች የምትተዳደረው የሟቹ ልጅ፣ መብራት ሊይዝላት የመጣው ታላቅ ወንድሟ፣ እና ሥራውን የሰጣት የሳሙና ፋብሪካ ተወካይ። ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ሲቀርጹ ቆይተው፣ ልጅቱ ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትገባ ነው ነገሩ የታወቀው።

«እሷ ናት» አለ ወንድምየው፣ እህቱን ሳያይ። «የራሷ ደንብ ነው። ለቀረጻ ብላ የሚጮህ ነገር ስታጠፋ ቁልፏን እዚያው ታስቀምጣለች። መልሳ ሳታበራ ከቤት እንዳትወጣ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማሽኑ ላይ ቁልፍ አለ።»

ልጅቱ ወደ መርማሪው ዞረች። «እኔ ያጠፋሁት ፍሪጁን ነው፣ ጋሼ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

ተወካዩ ሰዓቱን አየ። «እኔ እዚህ የምቆየው እስከ መቼ ነው?»

«በማሽኑ ድምፅ ያማረርከው አንተ ነህ አሉ።»

«ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር እምም ይላል። ካልጠራ አንረከብም፣ ሌላ ሰው እናሠራለን አልኳት። ሥራዬ ነው።»

«ጮክ ብለህ?»

«ድምፄ እንደዚህ ነው።»

ግድግዳው ስስ ነው፤ መርማሪው ሲገባ በጣቱ ቆርቆር አድርጎ አይቶታል። ወደ ልጅቱ ዞረ። «አንቺስ ምን አልሽ?»

«አባዬ መተንፈስ አለበት፣ በኋላ በኮምፒውተር አጸዳዋለሁ አልኩ። መቅረጽ ቀጠልን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በጆሮ ማዳመጫዬ ሰማሁት። ወንድሜ ያኔ ከኮሪደር መመለሱ ነበር። ድምፅ የሌለው መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር አለን፤ ወደሱ ያዞረለት መሰለኝ። እየቀረጽን ስለነበር መናገር አልችልም። አውራ ጣቴን አሳየሁት። እሱም አሳየኝ።»

ወንድምየው ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ እኮ መጸዳጃ ቤት ነበርኩ» አለ። «ተመልሼ መብራቱን ሳነሳ፣ ጥሩ ይዘሃል ያልሽኝ ነው የመሰለኝ።»

መርማሪው የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ቀረጻውን ከዳር እስከ ዳር ሰማ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ክፍል ሄደ። በሩ ሲከፈት ሲጥጥ አለ፣ ሲዘጋም ሲጥጥ አለ። ማሽኑን አብርቶ ሶኬቱን ሲነቅለው ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሶኬቱን መልሶ ሰክቶ አጠፋውና ተመለሰ።

«ሁላችሁም ቁልፋችሁን አውጡ።»

ወንድምየውና ተወካዩ ከኪሳቸው አወጡ። ልጅቱ ወደ ኩሽና ሄዳ የእሷን ከፍሪጁ ውስጥ፣ ከወተቱ ጎን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የማናችሁም ቁልፍ አልጎደለም» አለ መርማሪው። «ማሽኑ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ይጮሃል፤ ቀረጻው ላይ ግን ጩኸት የለም። ስለዚህ በማጥፊያው፣ በሰው እጅ ነው የጠፋው። በሩንም ሰምታችሁታል። ቀረጻው ላይ ያ በር ሲከፈት አይሰማም። ማንም አልገባም። ማጥፊያው ደግሞ ከአልጋው ላይ በእጅ ይደረሳል።»

«ራሱን ገደለ ነው የሚሉን?» አለ ወንድምየው።

«ራሱን የሚገድል ሰው እንዳይረሳ ብሎ ቁልፍ አያስቀምጥም።» ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። ጥርሱ ያለቀ፣ አሮጌ ቁልፍ ነው።

ወንድምየው ተቀብሎ አገላበጠው። «የአባዬ የጭነት መኪና ቁልፍ ነው። ከሸጠው ስንት ዘመኑ። ትራሱ ሥር ነበር የሚያኖረው።»

«ደንቡን ስነግረው ሳቀብኝ» አለች ልጅቱ። «ቁልፍ የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ? አለኝ።»

«ስትጨርሱ መልሰው ሊያበሩት ነበር» አለ መርማሪው። «ሥራው እንዳያመልጥሽ ብለው ነው። አየር ሲያንስ ግን ድካም ይጥላል። እንቅልፍ ቀደማቸው።»

ተወካዩ ሰዓቱን ማየት ተወ። ወንድምየው ወደ እህቱ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ፤ ያን ሁሉ ነገር ተናግሮ አሁን በምን አፉ ያጽናናት።

ልጅቱ ቀና ብላ መርማሪውን አየችው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችው።

ስታላግጥ አልነበረም። መርማሪው መሀረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የሚያስረው ሰው አልነበረም።

ልጅቱ ቁልፉን ከወንድሟ እጅ ወሰደች። ኮሪደሩን አልፋ ሄደች፣ በሩም ሲጥጥ አለ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ያ ድምፅ እምም ማለት ጀመረ። ሳሎን ያሉት ሦስቱም ቆመው ሰሙት። አጥፉት ያለ የለም።