ግድግዳው ሲሞቅ

ትርሲት ማለዳ ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው በመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል የጋገረውን ውርጭ በማንኪያ ጀርባ መፋቅ ነበር። የምትኖረው በትራክተር ተጎትቶ ጉና ተራራ ላይ በቆመ ካራቫን ውስጥ ነው። ሥራዋ በየሦስት ሰዓቱ እየወጣች የነፋሱንና የቅዝቃዜውን መጠን ከመሣሪያዎቹ አንብባ መመዝገብ ሲሆን፣ የቀረው ቀኗ የሚያልቀው ብርድ በመከላከል ነበር፤ የበሩን ስንጥቅ በፕላስተር ትለጥፋለች፣ ወለሉ ላይ ካርቶን ትደራርባለች፣ ማታ ማታ ሁለቱን መስኮቶች በስፖንጅ ትወትፋለች። መዳፍ የምታህል የአየር ማስገቢያ ብቻ ክፍት ትተዋለች። የትራክተሩ ሾፌር ጋሽ ደምሌ፣ "ማሞቂያው በጋዝ ነው የሚሠራው፤ ይቺን ከደፈንሽ ጠዋት አስከሬንሽን ነው የማወርደው" ብለው አስፈራርተዋት ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ ጋዙ አለቀ። ጋሽ ደምሌ አዲስ ሲሊንደር ሊያመጡ ወደ ደብረ ታቦር በወረዱ ማግስት ጉም ተራራውን ዋጠው፤ ከጉሙ በኋላ በረዶ ወረደ፤ መንገዱንም ጎርፍ ቆረጠው። በሬዲዮ፣ "ሁለት ቀን ታገሺኝ፤ ያለሽን ሁሉ ልበሺ" አሏት። ሁለት ሹራብ፣ ሦስት ካልሲ፣ ካፖርትና ጋቢ ደራርባ፣ ጠባቧ አልጋ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተኛች። እግሮቿ ደንዝዘው እንደምትነቃ እርግጠኛ ነበረች።

የነቃችው ግን አልቧት ነው።

ግድግዳው ሞቋል። ፀሐይ እንደመታው ቆርቆሮ አይደለም፤ ገና ከተኛችበት እንደተነሳች ላም ጎን ለስለስ ያለ፣ ከጥልቅ የሚመጣ ሙቀት ነበር። ከክፍሉ ሌላ ጫፍ ያለው የጀሪካን ውሃ ግን ድንጋይ ሆኗል። ወጥታ ዞረች። በካራቫኑ ዙሪያ ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከአልጋዋ ግድግዳ ውጭ ብቻ አንድ ትልቅ ነገር ተጋድሞ የሚይዘውን ያህል መሬት ቀልጦ ይጨሳል። ዱካ አላየችም። የረጠበ ጠጉርና የቆየ ትንፋሽ የሚመስል ሽታ አፍንጫዋን ሲሞላው፣ "የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ተጠግቶ አድሮ ይሆናል" ብላ ራሷን አጽናናች። ያለዚያ ሙቀት በብርድ ትሞት እንደነበር ታውቃለችና፣ ተመስገን ብላ ተመልሳ ጀርባዋን ለጠፈችበት።

ከቀትር በኋላ ሽታው ሲከብዳት ፍራሿን ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ጎተተችው። ተቀምጣ ሳትጨርስ ከወለሉ ሥር ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ሲጎተት የሚመስል ድምፅ ቀስ ብሎ አለፈ። ካራቫኑን ከጎማው በላይ የተሸከመው ባሌስትራ ሲጢጥ አለ፤ ካራቫኑ ወደ እሷ ዘመም አለ። የሚያቃጥለው ብርድ ከትከሻዋ እየሸሸ፣ አዲሱ ግድግዳ ከታች እስከ ጣሪያው ሞቀ። ያን ጊዜ ነው የትንፋሹን ድምፅ የለየችው፤ እሷ ስትስብ ይስባል፣ ስታወጣ ያወጣል። አፏን በእጇ አፍና ትንፋሿን ያዘች። እሱም ያዘ።

ሬዲዮውን አነሳች።

"ጋሽ ደምሌ! ጋሽ ደምሌ፣ ይሰማዎታል?"

"እየሰማሁ ነው ትርስዬ። መንገዱ ተከፈተ፣ በትራክተር እየመጣን ነው። ብርዱ እንዴት አደረገሽ?"

"ብርድ የለም። ሞቆኛል።"



"ማን ነው ያሞቀሽ?" አሏት፤ ድምፃቸው ወርዷል።

"አላውቅም። ከውጭ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ነገር አለ።"

"ስሚኝ። ካንቺ በፊት የነበረው ልጅም፣ በዚሁ በሐምሌ፣ ብርድ ልብሱን መልሶ ላከልን። ሞቆኛል አለ።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ትርሲት፣ ከግድግዳው ራቂ። ቀዳዳዋንም ድፈኛት።"

ዞር ብላ ወደ አየር ማስገቢያዋ አየች። ከውጭ መግባት የነበረበት ነፋስ ቆሟል፤ በምትኩ እርጥብና ሞቃት አየር ቀስ ቀስ እያለ እየገባ ጣሪያው ሥር ይጠራቀማል። ሹራቧን አውልቃ ጠቀጠቀችበት፤ በላዩም ፕላስተሩን እስኪያልቅ ደራረበችበት። መስኮቶቹ ከማታው ጀምሮ እንደተወተፉ ነው፤ ቀን ቢሆንም ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ጨለመ። ወደ በሩ ሮጣ እጀታውን አዙራ ገፋች። በሩ ትንሽ ወደ ውጭ ሄደ፤ የሆነ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሰመጠ፤ ከዚያ ልክ ትንፋሽ እንደሳበ ሆድ ቀስ አድርጎ መልሶ ገፋት። ዳግመኛ አልሞከረችም። ከአራቱም ግድግዳ በሚርቅ ቦታ፣ ክፍሉ መካከል ባለችው ክብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቶቿን አቀፈች።

ስንት ሰዓት እንደቆየች አታውቅም። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የትራክተር ሞተር ሲያጓራና ክላክስ ሲነፋ ሰማች። ባሌስትራው ሲጢጥ አለ፤ ዘምሞ የነበረው ካራቫን ተቃና። ብርዱ እንደ ውሃ ከየአቅጣጫው ገባ። ጥርሶቿ መንቀጫቀጭ ሲጀምሩ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ በሕይወቷ ብርድን እንዲህ ወዳው አታውቅም።

"ትርሲት!" አሉ ጋሽ ደምሌ ከውጭ።

"እዚህ ነኝ! ሄዷል! ሄዷል ጋሽዬ!"

በሩ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። የቀኑ ብርሃን ገባ። ጋሽ ደምሌ ብርድ ልብስ በክንዳቸው ይዘው፣ ጢማቸው ላይ ውርጭ ተንጠልጥሎ፣ ፈገግ ብለው ቆሙ። እሷም እጇን ዘረጋችላቸው። ዓይናቸው ግን እሷ ላይ አልቆየም፤ በትከሻዋ ላይ አልፎ ወደ ኋላዋ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት እንደሚጠነቀቅ ሰው በሩን ቀስ አድርገው መልሰው ዘጉት፤ የትርሲትም ጀርባ፣ ምንም ግድግዳ ያልነካው ጀርባዋ፣ መሞቅ ጀመረ።