ሲረዱ ቆይተው

«ነይ እዪ! አያትሽ አይደሉም እንዴ?» አለች ጓደኛዋ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆናቸውን ረስታ።

ልጅቷ ከያዘችው የጋዜጣ ጥራዝ ቀና አለች። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ታሪክ ጻፉ ተብለው ከጠዋት ጀምሮ የሞት ማስታወቂያ ሲያገላብጡ አቧራ በአቧራ ሆነዋል። ጓደኛዋ የራሷን አያት በሌላ ጥራዝ እየፈለገች፣ «የድሮ ሰው ፕሮፋይል የሚኖረው ሲሞት ነው» እያለች ስታስቃት ነበር። አሁን ግን ልጅቷ አልሳቀችም።

ጓደኛዋ ያሳየቻት ፎቶ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራሱ ነው፤ ዳንቴል አንገትጌ፣ ወደ ጎን ዘንበል ያለ ራስ። ስሙም የአያቷ ነው። አልገጥም ያለው ጋዜጣው የታተመበት ዓመት ነው።

እናቷ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች።» ስለዚህ በእነሱ ቤት የእናት ልደት የሚባል ነገር የለም። አንዴ ልጅቷ ካርድ ሠርታ ብትሰጣት፣ «ሰው ገድዬ ነው የመጣሁት፤ ምኑ ይከበራል?» ብላ የቀልድ አስመስላ ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። እዚህ ጋዜጣ ላይ ግን አያቷ የሞቱት እናቷ ሦስተኛ ክፍል እያለች ነው።

«የጋዜጣ ስህተት ይሆናላ» አለች ጓደኛዋ።

«ስንቱን ይሳሳታል? የተወለዱበት ዓመት እንኳን ልክ ነው።»

በጣቷ እየተከተለች እንደገና አነበበች። «ባደረባቸው ሕመም ለረጅም ዓመታት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ።»

ቆይተው! የት ነው የቆዩት? ምን ቢያማቸው ነው ልጃቸው እንዳታያቸው የተደረገው? እናቷን ያሳደጓት አክስት እንዳይጠየቁ፣ እሳቸውም ካለፉ ሰንብተዋል። ልጅቷ መናደድ ፈለገች፤ በማን እንደምትናደድ ግን ግራ ገባት።

«በናትሽ ነገር አትቆስቁሺ» አለች ጓደኛዋ፣ አሁን በሹክሹክታ። «አላገኘሁም በያትና ይለቅ።»

«እማዬ እኮ አልገደለቻቸውም።»

«እና ደስ አይልም?»

«በሕይወት እያሉ እኮ አላየቻቸውም! የቱ ነው የሚብሰው?»

ልጅቷ ጥራዙን አቅፋ ገጹን ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ሄደች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ትዘመዝማለች። የጋዜጣው ፎቶ ኮፒ ልጅቷ ደብተር ውስጥ ታጥፏል።

«አገኘሽ እናቴ?» አለች እናቷ ቀና ሳትል። ልጇን ስታቆላምጥ እንዲህ ነው የምትጠራት። «በተወለድኩበት ዓመት ፈልጊ ብዬሻለሁ።»

«አላገኘሁም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች፤ ቀጥሎ የእናቷን ጎንበስ ያለ ጀርባ። ከበርጩማው ላይ የተከመረውን ዩኒፎርም አነሳችና ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ መኪናውን ተይው እስቲ። አብረን የምናነበው ነገር አለ» አለች፣ ደብተሩን እየከፈተች። «እኔም አልገባኝም።»

የእናቷ እግር ከፔዳሉ ላይ ተነሳ።