«አላውቀውም» ያለው ስልክ

እኔ ተአምር ታየ የሚል ወሬ ሲነሳ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር ያዘዙትን እንጂ ሌላ አያደርግም ብዬ ነው እንጀራዬን የምበላው፣ ግን አንድ ቀን ከሰዓት ቁስቋም አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ያየሁትን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ክሊኒኳ የላብራቶሪ ውጤት ወደ ሰርቨር የምትልክበትን የስልክ አፕ የሠራሁት እኔ ነኝ። ውጤት መንገድ ላይ እየቀረ ሲያስቸግር ላፕቶፔ ላይ ፕሮክሲ ከፈትኩ፣ ማለቴ በስልኩና በሰርቨሩ መሃል ገብቶ የተመሰጠረውን ፈትቶ የሚያሳይ ፕሮግራም። አፑ ደግሞ መሃል የገባውን ሁሉ ሰርተፍኬት፣ በቃ መታወቂያ በለው፣ አሳየኝ ይላል። ለጊዜው ብዬ ማረጋገጫውን ከአፑም ከፕሮክሲውም አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢመጣ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ሄዷል፣ የምሠራው በባትሪ ነው። ነርሷ ሲስተር ጸዳለ ስልኩን ይዛ «የዛሬውን የኤችአይቪ ውጤት ልላከው?» አለችኝ።

«ላኪው።»

ስልኩ ጠቅ አለ፣ ጥፍር ጠረጴዛ ሲነካ እንደሚሰማው ዓይነት፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ብቻ ወጣ፦ «አላውቀውም»። እመነኝ፣ አፑ ውስጥ አንድም የአማርኛ ቃል አልጻፍኩም።

«ምንድነው ይሄ?» አለች።

«እኔንጃ፣ እስቲ ድገሚው።»

ጠቅ። «አላውቀውም»።

ፕሮክሲውን ሳይ ውጤቱ ከስልኩ አልወጣም፣ ከሰርቨሩ በኩል የመጣው ሰርተፍኬት ደግሞ የሰርቨራችን አይደለም፣ ሰምቼው በማላውቀው ስም የተፈረመ ነው።

«ሲስተር፣ ዋይፋዩን ነካክታችሁታል እንዴ?»

«የቱን ዋይፋይ? ራውተሩ እኮ መብራት ከሄደ ጀምሮ ጠፍቷል።»

ግንኙነቱን አየሁ። ላፕቶፔ በክሊኒኳ ስም ከሚጠራ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው። አፍጥጬ እያየሁት ዋይፋዩ ድርግም ብሎ ጠፋ። በሞባይል ዳታ አንድ የሙከራ መልእክት ላክን፣ ማረጋገጫው እንደጠፋ ነው፣ ያለ አንዳች ቃል አለፈ።

ወዲያው ማረጋገጫውን መለስኩ። ቀጨኔ ቤቴ ገብቼ ኮዱን መስመር በመስመር አሰስኩት፣ ያ ቃል የትም የለም። ያን ዋይፋይ አንድ ሌባ ውጤቱን ሊሰርቅ በክሊኒኳ ስም ከፍቶት ይሆናል፣ ይሁን፣ ቃሉን ግን ማን ጻፈው? ሲስተር ጸዳለ በማግስቱ ስነግራት «ቁስቋም ማርያም ናት» ብላ አማተበች። የነዚያን ሁሉ ሰዎች ምስጢር ባዕድ እጅ ከመግባት ያዳነልኝን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬም ድረስ በልቤ አመሰግነዋለሁ።

በቀደም ሲስተር ጸዳለ ደወለችልኝ። «ስልኩ ማንም ሳይነካው ጠቅ አለ።»

«ምን ጻፈ?»

«ምንም። ግን ልክ ጠቅ ሲል ዋይፋይ አላችሁ ወይ እያለ በሩ ላይ የቆመ አንድ የማላውቀው ሰው ነበር።»