አየር የሚበላው ጉልበት

ኮቱን ልብስ አጣቢው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በጫፉ ስፌት ውስጥ ጥፍር የምታክል የመረጃ ካርድ አለች።

«የቀኝ ኪሱ ተቀዷል» አለ።

«እንሰፋዋለን» አለ ልብስ አጣቢው። የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ካውያውን ሳያቆም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንኳን ደስ አለህ፣ ጎረቤት። አምና በላክኸው የኮምፒውተር ስሌት፣ በሲሙሌሽኑ፣ የተሠራው ማርሽ ዛሬ በሄሊኮፕተር ላይ ይሞከራል። አብራሪው ታናሽ ወንድምህ ነው።»

«ጎረቤት» የሚስጥር ስሙ ነው። በሰው አገር መሐንዲስ መስሎ ሦስት ዓመት የኖረው ለዚህ ቀን ነበር። ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ ቃኝቶ ወጣ።

መሥሪያ ቤት ሲደርስ ስክሪኖቹ ላይ ማርሾች ይሽከረከራሉ። ጥርሶቹ አየሩን እየጎተቱ ይሮጣሉ። አየሩም ዝም ብሎ አይጎተትም፤ ከሞተሩ ጉልበት ቆርሶ ይበላል፣ የበላውም ሙቀት ይሆናል። የክፍሉ ሥራ ምን ያህል እንደሚበላ ማስላት ነው።

አዲሷ መሐንዲስ ውጤቷን አነበበች። የክፍሉ አለቃ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«አራቱን ቁርስ አደረግሽው እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ግራ ገባት።

«የሲሙሌሽኑ ፋይል ውስጥ ያለው ንጹሕ አየር ነው» አሏት። «ማርሹ ሳጥን ውስጥ ግን አየሩ በዘይት ጭጋግ የተሞላ ነው፣ ይከብዳል። ጭጋጉን ካስገባነው ስሌቱ ይናጋብናል። ስለዚህ በደረቁ እናሰላና መጨረሻ ላይ በአራት እናባዛለን። የትም አልተጻፈም። እዚህ ቤት ማን የማያውቅ አለና?»

እሱም ያውቀዋል። ከለመደው ብዛት ለአገሩ ሰዎች መንገር እንዳለበት ረስቶታል።



አገሩ ያሉት መሐንዲሶች የማርሹን ማቀዝቀዣ የሠሩት እሱ የላከውን ፋይል አምነው ነው። ማርሹ ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም አይታወቅም። በሙሉ ፍጥነት ግን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይመጣል፤ ጥርሶቹ ይለዝባሉ፣ ከዚያ ይረግፋሉ። ወንድሙ እላዩ ላይ ተቀምጧል።

እስከ በሩ ተራመደ። ከበሩ ወዲያ ሮጠ።

«አታብርሩት በላቸው» አለው ልብስ አጣቢውን። «በአራት አልተባዛም። አሁኑኑ ንገራቸው።»

ልብስ አጣቢው ሸሚዝ እያጠፈ ነበር።

«መልእክቱ አይደርስም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አለቃህ ፋይሉን የለቀቁልህ አውቀው ነው። ሰላይ መሆንህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ኮት።» ቀና ብሎ አላየውም። «አራቱን ይነግራቸዋል ብለው ሲሰጉ ነበር። ረሳኸው። አሁን አንተን አይፈልጉህም፤ በጓሮ በር ውጣና ጥፋ። እኔም ልጆች አሉኝ፣ ጎረቤት።»

ሊያንቀው እጁን ዘረጋ። መለሰው። ጊዜ የለም።

ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ ስልክ ለመነና የአገሩ ሰዎች ለድንገተኛ ጊዜ የሰጡትን ቁጥር ደወለ።

«የይለፍ ቃል?»

ተናገረ።

«ተቀይሯል።»

መስመሩ ተዘጋ። አዲሱን ቃል ማቀበል የነበረበት ልብስ አጣቢው ነው።

ወደ ወንድሙ ስልክ ደወለ። ደንቡ ይህን በፍጹም ይከለክላል። ያነሳችው የወንድሙ ሚስት ናት።

«ወንድም ጋሼ? በሕይወት አለህ እንዴ?»

«እሱን አገናኚኝ።»

«ስልኩን እኔ ጋ ትቶ ሄዷል፣ ተነስቷል እኮ። በቤታችን ላይ አልፋለሁ ብሎኝ ግቢ ቆሜ እየጠበቅሁት ነው። ስማ፣ መጣ።»

ከሩቅ የተነሳ ጉርምርምታ ስልኩን ሞላው። ምን ይበላት? ወደ ሰማይ ጩሂ ይበላት? ማልቀስ ፈለገ። ባለሱቁ እያየው ነው።

«እጄን እያውለበለብኩለት ነው» አለች። «አየኝ መሰለኝ።»

ድምፁ በላይዋ አለፈ። ራቅ አለ።

ከዚያ ድንገት ተቋረጠ።

«ጠፋብኝ» አለች። «አረፈ ማለት ነው፣ አይደል ወንድም ጋሼ?»

«አዎ» አላት። «ይመጣል።»

ስልኩን ለባለሱቁ መለሰ። ለምሳ የወጡ ሠራተኞች መንገዱን ሞልተውታል። መሃላቸው ገባና እንደ እነሱ መራመድ ጀመረ።