ስልሳ እጥፍ

የአክሲዮን ተንታኙ ከምሳ ሰዓት በኋላ በገዛ ቢሮው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ የብረት ካዝናው ጠርዝ ላይ ተመትቷል። በጨበጠው እጁ የተቀደደ ወረቀት ጥግ ቀርቷል፤ የቀረው ወረቀት ግን የለም። ፖሊስ ወዲያው ቢሮውን አሸገው።

መርማሪዋ፣ ባልደረቦቿ «እቴ ለምን» የሚሏት ሴት፣ ጠረጴዛውን አስተዋለች። ቅንጡ ቦርሳና ልብስ የሚያመርት የፋሽን ኩባንያ ሪፖርት ተገልጧል፤ «ከሕንፃ ሽያጭ» የሚለው በእርሳስ ተሰምሮበታል። የሒሳብ ማሽኑ ላይ 60 ይነበባል።

«ምን እየሠራ ነበር?» አለችው የመሥሪያ ቤቱን ሥራ አስኪያጅ።

«የፋሽን ቤቱን አክሲዮን እየገመተ። ነገ ለደንበኞቻችን ግዙ ወይም አትግዙ ሊል ነበር።»

«በምን ይገመታል?»

«የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ለዓመት ትርፉ ይካፈላል። ዋጋው ስድስት መቶ፣ ትርፉ ሃያ፤ ሠላሳ እጥፍ። ስም ላለው ቤት ብዙ አይባልም።»

ለጥያቄ የተጠራችው የፋሽን ቤቱ ሒሳብ ሹምም «ሠላሳ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው» አለች። ዓይኗ ግን ከመርማሪዋ ዓይን ሸሸ።

በመጨረሻ የሟቹ ታናሽ ወንድም ገባ። እዚያው መሥሪያ ቤት አክሲዮን አሻሻጭ ነው፤ ይህንኑ አክሲዮን ለጎረቤት ለዘመድ ሁሉ አስገዝቷል።

«ወንድም ጋሼን ዛሬ አላየሁትም» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«ስለ አክሲዮኑስ አውርታችሁ አታውቁም?»

«በፍጹም! ነግሮኝ ቢሆን አማቴን በስልሳ እጥፍ አስገዛት ነበር?»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በስብሰባው ክፍል አስቀመጠቻቸው። የሟቹ ሚስትም መጥታ የባሏን ወንድም ትከሻ ይዛ ታጽናናዋለች።

«ሟቹ ትርፉን ሲመረምር ግማሹ ከአንድ ሕንፃ ሽያጭ የመጣ ሆኖ አገኘው» አለች መርማሪዋ። «ሕንፃ በየዓመቱ አይሸጥም። እሱ ሲቀነስ ትርፉ አሥር ይሆናል፤ ስድስት መቶ ለአሥር፣ ስልሳ እጥፍ፤ አትግዙ የሚያሰኝ ውድ ነው።»

ሒሳብ ሹሟ አቀረቀረች። «የደባለቅሁት እኔ ነኝ። አለቆቼ አዘዙኝ፣ እሺ አልኩ።»

«ለእሱ ትጠየቂበታለሽ። ግን አንቺና ሥራ አስኪያጁ ምሳ ላይ አብራችሁ እንደነበራችሁ አስተናጋጁ መስክሯል። ስልሳ የሚለው ደግሞ ያለው በታሸገው ቢሮና በጠፋው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።» ወደ ወንድሙ ዞረች። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስልሳን ማን ነገረህ?»

ወንድምየው ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ፤ ጥግ የለውም።

«ነገ ሊያወጣው ነበር። ያስገዛኋቸው ሰዎች ፊት እንዴት ልቆም? ወረቀቱን ብቻ ልቀማው ነበር፤ ስንጓተት ገፋሁት።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል።»

«አዎ… ‹ሰው ጥራልኝ› አለኝ። በሩን ዘግቼበት ወጣሁ።»

የሟቹ ሚስት እጅ ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«በምሳ ሰዓት ስልክ አላነሳ ሲለኝ ላንተ ደወልኩልህ» አለች። «‹ሥራ በዝቶበት ነው እትዬ፣ አታስቢ› አልከኝ። ያን ጊዜ በሕይወት ነበር?»



«ነበር።»