የዲናሞው መዳብ

ያን ቃል የተናገረው አሚር ሱልጣን ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ በፊዚክስ ክፍሉ መስኮት በኩል፣ መምህርት ፈይዛ ጠረጴዛ አጠገብ። አሚር በግራ እጁ የተገመጠ የፈላፍል ሳንድዊች ይዞ ነበር። ዳግም ሳንድዊቹን ሳይቀር ያስታውሳል። ስድብን እንዲህ ከነቀኑ፣ ከነቦታው መያዝ ከአባቱ የወረሰው ነው።

መምህርት ፈይዛ ለሐሙሱ የሳይንስ ትርኢት ስም እየመዘገቡ ነበር። «ይህ የኢንተርኔት ሬዲዮ የማን ነው? የሁለታችሁም ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የኔ ነው» አለ አሚር እያኘከ። «ዳግም ሽቦውን ነው የወጠረው። አባቱ ሀሪስ አይደል? የጣሪያው ቁልፍ እነሱ ጋ ነው።»

ከኋላ ሁለት ልጆች ሳቁ። አንደኛው «ሀሪስ ጁኒየር» አለ። መምህርቷ ቀና ብለው ዳግምን አዩት።

«እንዲህ ነው ዳግም?»

ስለ ሽቦውና ስለ ቁልፉ የተባለው እውነት ነው። አባቱ ጸጋዬ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር ውስጥ ያለ የአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሀሪስ ነው፤ በር ይጠብቃል፣ ደረጃ ያጥባል፣ ውሃ ይሞላል። ሁለቱ የሚኖሩትም ከደረጃው ሥር ባለችው የሀሪስ ክፍል ነው። ክፋቱ አሚር የዘለለው ነገር ነው። ዳግም ግን የዘለለውን ሊናገር አፉን ሲከፍት የኋላዎቹ ልጆች ዓይን ጀርባውን በላው። «አዎ» አለ። አንዲት ቃል። መምህርቷ የአሚርን ስም ብቻ ጻፉ።

አሚር የዘለለው ይህን ነው።

አውራ ጣት የምታክል መቀበያ አለች፤ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች። ከሽቦው የሚመጣውን ሞገድ ሁሉ እሷ ትቀበላለች፤ ድምፁን ከድምፅ ለይቶ የሚያወጣው ግን ሶፍትዌሩ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ናይሮቢ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ከፍቶ፣ መላዝ ጣሪያ ላይ በተወጠረው ሽቦ፣ አማተር ሬዲዮኞች ከህንድና ከቆጵሮስ ሲጠራሩ ይሰማል። ሌላው ደግሞ በዚያው ደቂቃ ሌላ ቦታ ይሰማል፤ አንዱ አንዱን አያግድም። መናገር የለም፤ መስማት ብቻ። ዳግም ይህን ለመማር በተሰነጠቀ ስልኩ ላይ ስንት ወር እንዳፈጠጠ የሚያውቀው እሱና አባቱ ናቸው። አሚር ያመጣው አሮጌ ላፕቶፑን ነው፤ ማጠፊያው የተሰበረ፣ መቀበያዋ እንድትሰካበት ዳግም ቤት የሚቀመጥ። «ላፕቶፑ የኔ ስለሆነ ዋናው የይለፍ ቃል እኔም ጋ ይሁን» ሲለው፣ ዳግም ሳያስብ ሰጠው። ጓደኛው ነዋ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር የተቀመጡ ናቸው።

ሽቦውስ ከየት መጣ? ባለፈው ክረምት ውሃ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋው የሕንፃው ዲናሞ ተቃጥሎ ተጣለ። ሌላ ሀሪስ ቢሆን ለቆራሌ ይሰጠው ነበር። ጸጋዬ ግን ሆዱን ከፍቶ፣ በውስጡ የተጠመጠመውን ቀጭን መዳብ በሦስት ዓርብ ፈታው። እንዳይበጠስ ሦስት ሦስት ክር እያደረገ እንደ ገመድ ገመደው። ከጣሪያው ታንከር እስከ ዲሹ ምሰሶ የወጠሩት ያንን ነው። ሲወጥሩ ጸጋዬ መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «አንድ ቀን በዚህ የሚሰማ ሰው ይመጣል ትላለህ?» ብሎ ነበር።

መጡ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ አንድ ምሽት ሠላሳ አንድ። ከገጹ ጎን አድማጮች የሚጻጻፉባት ትንሽ ሳጥን አለች። ከፊንላንድ፣ ከኬንያ፣ ከሙምባይ ይጽፋሉ። ከደሴ ደግሞ ጀዋር የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአማርኛ ይጽፋል። አንድ ቀን ጀዋር «ወንድሜ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ የሚያጉረመርም ነገር ሁሉን ነገር ይውጠዋል፤ ሞተር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ዳግም ጆሮውን ሰጥቶ ሲሰማ የአባቱ አዲሱ ዲናሞ ነው።

ጸጋዬ ሲነገረው ሳቀ። «እንግዳ ቤት ገብቶ እያወራ እኔ ዲናሞ አስነሳበታለሁ? ነውር ነው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃውን ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሙላት ጀመረ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዓስር ላይ የምትገኘውን ዕረፍቱን ተወ። የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ ደግሞ ውሃው ማታ ማታ አለቀ እያለ በየሳምንቱ ይጮህበታል። የጮኸበትን ቀን ጸጋዬ በቃሉ ይዞታል፤ ሰዓቱን ግን አልመለሰም። ሁልጊዜ ወደ ክፍላቸው ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ዛሬ ስንት ሰው አለ?»

ዳግም ያን ጊዜ ለጀዋር የመለሰለት እንዲህ ብሎ ነበር፦ «የሕንፃው ሀሪስ ሰዓቱን ቀየረልን።» ሀሪስ አለ። አባቴ አላለም። ጀዋርም «ለሀሪሱ ሰላም በልልኝ» ብሎ ጻፈ። ሰላምታውን ዳግም አድርሷል፤ ሌላውን ግን ለማንም አልተናገረም።

የትርኢቱ ዋዜማ ረቡዕ ጸጋዬ ነጭ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

ዳግም ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። አሚር ገጹን ከፍቶ፣ «መላዝ፣ ሪያድ» የሚለውን የጣቢያውን ስም አጥፍቶ፣ «የአሚር ሱልጣን ጣቢያ» ብሎ ሲጽፍበት አይቷል። የይለፍ ቃሉም ተለውጧል። አባቱ ያን ሸሚዝ ለብሶ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የልጁን ስም ሲፈልግ ታየው። ከኋላም «ሀሪስ ሲኒየር መጣ» የሚለው ሳቅ ተሰማው።

«ተሰርዟል አባዬ» አለ። «ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል።»

«ወይኔ። ታዲያ ምን ይደረግ» አለ ጸጋዬ። ካውያውን ነቀለና ሸሚዙን በምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

ሐሙስ አዳራሹ በወላጅ ተሞላ። የአሚር ጠረጴዛ ከመግቢያው ፊት ለፊት ነበር። አባቱ ጋሽ ሱልጣን ባዲዓ ሰፈር ውስጥ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ስላላቸው ትልቅ ስክሪን ተውሰውለታል፤ ሞገዶቹ በላዩ ላይ እንደ ባለቀለም ፏፏቴ ይወርዳሉ። ዳግም ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ቆመ። ውሃ ሊጠጣ ወደ ማቀዝቀዣው ሲሄድ ነጭ ሸሚዝ በበሩ ሲገባ አየ።

ጸጋዬ ነበር። ጠዋት የሰፈሩ ሱቅ፣ ባቃላው ጋ የአሚርን እናት ሃፍሳን አግኝቷቸው፣ «ጋሼ፣ አይመጡም እንዴ? የልጆቹ ትርኢት እኮ ዛሬ ነው» ብለውት ነው። በእጁ ፌስታል ይዟል። በፌስታሉ ውስጥ ከጣሪያው የተረፈው መዳብ አለ፤ ሰው አንቴናው ከምን እንደተሠራ ቢጠይቅ ሊያሳይ ነው ያመጣው።

የዳግም እግር ወደ አባቱ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ከማቀዝቀዣው ኋላ ገባና በግድግዳውና በብረቱ መካከል ተለጠፈ። ሞተሩ ጀርባው ላይ ይንቀጠቀጣል።

ጸጋዬ ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ የተለጠፈውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ። ማንበብ የተማረው ዘግይቶ ነው፤ ፊደሉን በጣቱ ይከተላል። ጣቱ ታች ደረሰና ወደ ላይ ተመለሰ።

«አሚር ልጄ፣ የዳግም ስም የቱ ጋ ነው?»

አሚር ፊቱ ቀላ። «ጋሽ ጸጋዬ፣ እሱ... ሽቦውን ነው እኮ የሠራው። ስም የሚጻፈው የዋናው ሰው ነው።»

ጸጋዬ አዳራሹን በዓይኑ ዞረ። ልጁን ፈለገ። ዓይኑ ማቀዝቀዣው ላይ ቆመ፤ ከማቀዝቀዣው በታች የዳግም ጫማ ይታያል፤ ባለፈው ሳምንት ራሱ የሰፋው ጫማ። ከዚያ ዓይናቸው በጠባቧ ክፍተት ተገናኘ።

አባቱ አልጠራውም። ፌስታሉን አጥፎ በብብቱ ሥር አደረገ። «ጎበዝ ልጄ፣ በርታ» አለው ለአሚር። ከዚያም ሳይቸኩል፣ ወደ ኋላ ሳያይ ወጣ።

ዳግም ያን ቀን ዓስር እስኪቃረብ በመንገድ ዞረና ወደ ቤት ገባ። ስድብ ይጠብቅ ነበር። ጥፊም ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ጸጋዬ ግን ሸሚዙን አውልቆ በሥራ ልብሱ ምድር ቤት ወርዷል። ዓስር ሲል ዲናሞው ተነሣ፤ መግሪብ ሳይደርስ ጠፋ። ጸጋዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

«ዛሬ እንኳ ባትሞላው...» አለ ዳግም።

«እንግዶቹ ምን አጠፉ?» አለ ጸጋዬ። ስንት ሰው እንዳለ ግን አልጠየቀም። ከዚህ በፊት ሳይጠይቅ የቀረበት ቀን የለም።

ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ ዳግም ላፕቶፑን ከፈተ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። ከላይ «የአሚር ሱልጣን ጣቢያ» ይላል፤ እሱን መቀየር አይችልም። ሳጥኗ ላይ ግን ማንም ይጽፋል። ጀዋር ገብቶ ነበር፤ «አሚር ማነው? ባለቤቱ ተለወጠ እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። ዳግም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ከመግሪብ በፊት ውሃ የሚሞላላችሁ ሀሪስ አባቴ ነው። ስሙ ጸጋዬ ነው። የምትሰሙበት ሽቦ ከተቃጠለ ዲናሞ በእጁ የፈታው መዳብ ነው። ይህን ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ጣቢያው ዛሬ ይዘጋል። ይቅርታ።»

ከታች ጀዋር እየጻፈ መሆኑን የምታሳየው ነጥብ ብልጭ ብልጭ አለች። ዳግም መልሱን ለማንበብ ድፍረት አጣ። መቀበያዋን ነቀለ። ፏፏቴው ቆመ።

ጸጋዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ ዲናሞውን በፈለግህ ሰዓት አስነሳው።»

ጸጋዬ ፏፏቴው ወደቆመበት ላፕቶፕ አየ። «ሽቦውስ?»

«ይቆይ።»

«ይቆይ» አለ ጸጋዬም።

«አባዬ፣ ሐሙስ እኔ...»

«አየሁህ» አለ አባቱ። «ኸላስ፣ በቃ።» ጨርቁን አንገቱ ላይ ጣለና ወጣ። ደረጃውን ሲወጣ ጫማው ይሰማል። እስከ ጣሪያው ድረስ ወጣ፤ ለምን እንደሆነ ዳግም አልጠየቀም።

እሑድ ጠዋት፣ የሪያድ የትምህርት ሳምንት ሲጀምር፣ ዳግም ላፕቶፑን በፌስታል ይዞ በትምህርት ቤቱ በር ጠበቀ። አሚር ከአባቱ መኪና ወርዶ ሲያየው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ፌስታሉ ላይ ሲደርስ ሞተ።

«ምንድን ነው? ገጹ ለምን አይከፈትም? ሰዉ ሪያድ የት ሄደ እያለ ይጽፍልኛል።»

ዳግም ፌስታሉን ዘረጋለት። አሚር ተቀበለ።

«አቦ፣ ተኮራረፍን እንዴ? ሙድ እኮ ነው የያዝኩብህ። ሀሪስ ስድብ ነው እንዴ? ሥራ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ስምህን እጨምርልሃለሁ። ከኔ ሥር። በትክክል እጽፈዋለሁ፤ ወላሂ። ሽቦውንና መቀበያዋን ብቻ አምጣ፤ እኛ ጣሪያ ላይ እንሰቅለዋለን። መምህርት ፈይዛ ለሌላ ውድድር መርጠውኛል። ያላ፣ ዳጊ፤ አንድ ነገር በል።»

ዳግም የሚለው ነበረው። ከሰኞ ጀምሮ አልጋው ላይ ሲያዘጋጀው የነበረ፣ ቃል በቃል የተደረደረ፣ አሚርን በሰው ፊት የሚያዋርድ መልስ ነበረው። አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ግን የሰኞው ስድብ አልመጣለትም። የመጣለት ሌላ ስድብ ነው፤ ቀኑ ሐሙስ፣ ቦታው ከማቀዝቀዣው ኋላ፣ የተሰደበው ሰው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ። የዚያኛው ስድብ ባለቤት አሚር አልነበረም።

«ዳግም። እያናገርኩህ እኮ ነው።»

የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። ዳግም የቦርሳውን ማንጠልጠያ በትከሻው ላይ አስተካከለና በበሩ ገባ፤ ሳይቸኩል፣ ወደ ኋላ ሳያይ።